ልጅ የሚረከብ ሰው

የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት እንድንጀምር ዩኒቨርሲቲው በጠራን ቀን አባቴ ከእኔ ቀድሞ ለባብሶ ጠበቀኝ። ለኢድ ብቻ የሚያወጣውን ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ነጭ ኮፍያውን አድርጓል፤ ከዘራውን ይዞ የግቢው በር ላይ ቆሟል። አጠገቡ የመጋዘን ጎረቤታችን አሉ። ከአባቴ ጋር በአንድ ግድግዳ ተለያይተው እህል ሲነግዱ የኖሩ የጎጃም ሰው ናቸው፤ እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን አስጠርገው መጥተዋል። ሁለቱም ለሽምግልና የሚሄዱ ነው የሚመስሉት።

«ወዴት ናችሁ?» አልኩ።

«ልናደርስሽ ነዋ» አለ አባቴ።

«አባዬ፣ ኦሬንቴሽን እኮ ነው። ስለ ትምህርቱ ይነግሩንና እንመለሳለን። ወላጅ ይዞ የሚመጣ የለም።»

«ወላጅ ካልሄደ ማን ያስረክብሻል?»

ጋሼ ጣልቃ ገቡ። «አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ቅደሚ። መንገዱን አናውቀውም።»

እኔ ቶሎ የሚነደኝ ሰው ነኝ። ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ባለች ትንሽ ክሊኒክ በሽተኛ ስረዳ የምውል፣ የራሴን ደመወዝ የምበላ ሴት፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ በሁለት ሽማግሌ ታጅቤ ዩኒቨርሲቲ ልገባ! ሌላ ቀን ቢሆን ጮኬ ግቢውን አደባልቀው ነበር። ያን ቀን ግን ዋጥኩት። ለምን እንደዋጥኩት ለመናገር ስለ መርካቶው የእህል ገበያ፣ ስለ እህል በረንዳ ልማድ፣ ቀጥሎም ስለ ወንድሜ ማውራት አለብኝ።

እህል በረንዳ ላይ ሰው ብቻውን መጥቶ ሥራ አይጀምርም። ከአገር ቤት የመጣ ሰው መጋዘን መቀጠር ሲፈልግ የሚያውቀው ትልቅ ሰው ይዞት ይመጣል። ከጭነት መኪናው ላይ ጆንያ ሲወርድ፣ ተሸካሚው «ዞር በል! ዞር በል!» እያለ ሲጋፋ፣ እነሱ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ነጋዴው እጁ ላይ ያለውን ጤፍ አራግፎ ይወጣል። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሞተው ስለ ተወለደው ሁሉ ይጠያየቃሉ። ከዚያ ያመጣው ሰው የእንግዳውን ቀኝ እጅ ይይዝና ስሙን ከነአባቱ፣ አገሩን ከነመንደሩ ጠርቶ ነጋዴው እጅ ላይ ያስቀምጠዋል። «አደራ» ይላል። ነጋዴው «ተረክቤያለሁ» ይላል። መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ፤ ክርስቲያኖች ከሆኑም በየራሳቸው ይመራረቃሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ያ ሰው ቢታመም ሐኪም ቤት የሚወስደው የተረከበው ነው። ቢያጠፋ ለወገኖቹ የሚናገረውም እሱ ነው። ክፉ ነገር ቢደርስበት ሬሳውን መኪና ላይ አድርጎ አገሩ የሚያደርሰውም እሱ ነው። ውል የለም፣ ማኅተም የለም። ግን «ተረክቤያለሁ» ብሎ የካደ ነጋዴ እህል በረንዳ ላይ ሰላም የሚለው ሰው አያገኝም። አባቴ ራሱ በጎረምሳነቱ ከስልጤ አገር መጥቶ መርካቶ የገባው እንዲህ ሆኖ ነው። የተረከቡት ሰውዬ ከሞቱ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ዛሬም ስማቸውን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ወንድሜን ግን ማንም አልተረከበውም። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። በየክልሉ አዳዲስ ግቢዎች የሚከፈቱበት ዘመን ነበርና ሩቅ ቆላ ውስጥ ያለ ግቢ ደረሰው። አባቴ በደስታ የሚሆነውን አጣ፤ በግ አርዶ ሰፈሩን አበላ። በማግስቱ አውቶቡስ ተራ ወሰድነው፣ ሻንጣውን ጣሪያ ላይ አስጫንን፣ አውቶቡሱ ተጠምዝዞ እስኪሰወር እጃችንን እያወዛወዝን ሸኘነው። የጠራው መንግሥት ነው፣ የሚሄደው ትልቅ ቤት ነው፤ ማን ይረከበዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የሞተው በወባ ነው። ለእረፍት ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን እሱ አጠናለሁ ብሎ ዶርም ቀረ። ትኩሳቱ ሲነሳበት አጠገቡ ሰው አልነበረም። ሲያገኙት መሽቶበታል። ዘመዶቹ የት ናቸው ቢባል፣ የሚታወቀው «አዲስ አበባ፣ መርካቶ» የሚል ብቻ ሆነ። መርካቶ አንድ ቤት ይመስል! ያኔ ሞባይል በየኪሱ አልገባም፤ የእኛንም ስልክ የሚያውቅ ጓደኛ በግቢው ውስጥ አልነበረም። ሬሳ አይቆይምና የከተማው ሙስሊሞች፣ አላህ ይስጣቸው፣ አጥበው፣ ገንዘው፣ ሰግደውበት ቀበሩት። ወሬው በሰው በሰው እኛ ጋ ደርሶ አባቴ ተሳፍሮ ሲሄድ ያገኘው አፈር ነው።

እናቴ አለቀሰች፤ ጎረቤትም አብሯት አለቀሰ። አባቴ ግን ሰው ሲያለቅስ አቀርቅሮ መሬት መሬት እያየ የለቅሶውን ጊዜ ጨረሰና መጋዘኑን ከፈተ። ስለ ነገሩ ሲናገር የሰማሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ለጋሼ ነበር የሚነግራቸው። «ፍየል እንኳ ስሸጥ ገመዱን ሰው እጅ አስይዤ ነው» አላቸው። «ልጄን እንዲሁ ለቀቅኩት።»

ስለዚህ እኔ የመጀመሪያ ዲግሪዬን የተማርኩት እዚያው መርካቶ ውስጥ፣ ከታች ፍራሽና ምንጣፍ የሚሸጥበት ፎቅ ላይ በተከፈተ የግል የጤና ኮሌጅ ነው። አባቴ ከመጋዘኑ ብቅ ሲል የክፍሌን መስኮት ያየዋል። አንዳንድ ቀን ተሸካሚ ልኮ «አለች ወይ?» ብሎ ያስጠይቅ ነበር። መምህሩ ስለ ደም ዝውውር እያስረዳ ሳለ አንዱ ጎልማሳ ማዳበሪያ ትከሻው ላይ እንደጣለ በሩን ከፈት አድርጎ አይቶኝ ይመለሳል። የክፍል ጓደኞቼ «የመንግሥት ጥበቃ አላት» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም እስቅ ነበር። ምን ላድርግ?

የሁለተኛ ዲግሪው ግን በመስኮት የሚታይ አይደለም። ዶርም መግባት አለው። ከዚያም ለጥናት ወባ ወዳለበት ቆላ ወርዶ ወራት መቆየት አለው። ያን ትምህርት ለምን እንደመረጥኩ ቤታችን ውስጥ የጠየቀኝ የለም፤ ሁሉም ያውቃል። ማለፌ ሲነገረኝ አባቴ «አትሄጂም» አላለም። «የሚረከብሽ ሰው ካገኘሁ ሂጂ፤ ካላገኘሁ ግን እኔ አልችልም» ነው ያለው። ይቺ «አልችልም» ከ«አትሄጂም» ትከብዳለች። የከለከለኝን ሰው ተጣልቼም ቢሆን እሄድ ነበር። አልችልም ያለኝን ሰው ግን እንዴት ብዬ ረግጬው አልፋለሁ? ትምህርቱን ደግሞ እንደ ነፍሴ ነበር የፈለግኩት። ምዝገባው በማግስቱ ያበቃል። እንግዲህ ያን ቀን ሽማግሌዎቹን አስከትዬ ዝም ብዬ የሄድኩት ለዚህ ነው።

ከሰባተኛ ሚኒባስ ይዘን ሄድን። ረዳቱ ከእነ ልብሳቸው አያቸውና «ሀጂ፣ ሰርግ ነው እንዴ?» አለ። አባቴ «አይ፣ ትምህርት ቤት ነው» ብሎ መለሰለት፤ በኩራት ነው የመለሰው። መንገዱን ሙሉ ከጋሼ ጋር ማን ቀድሞ እንደሚናገር ተማከሩ። ጋሼ «አንተ አባት ነህ፣ አንተ ተናገር፤ እኔ ከኋላ አጠናክራለሁ» አሉ። እኔ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አያለሁ።

የግቢው ጥበቃዎች ሁለቱን ሽማግሌዎች ሲያዩ የክብር እንግዳ መሰሏቸውና መታወቂያ እንኳ ሳይጠይቁ አሳለፏቸው። እኔን ግን ቦርሳዬን አስከፍተው ፈተሹኝ። አዳራሹ ውስጥም አንድ አስተባባሪ ተሽቀዳድሞ ተቀበላቸውና ፊት ለፊት፣ ከመምህራኑ ጎን አስቀመጣቸው። ውሃ ሳይቀር ቀረበላቸው። ከኋላ ወንበር ሆኜ የአባቴን ነጭ ኮፍያ እያየሁ፣ «ያ አላህ፣ ዝም ብሎ ሰምቶ ይውጣ» እያልኩ እለምን ነበር። እንደማይሆን አውቃለሁ።

የፋኩልቲው ዲን ድምፃቸው የለዘበ፣ ጎልማሳ ሰው ነበሩ። ፕሮጀክተሩ እየበራ እየጠፋ እያስቸገራቸው ደንቡን አስረዱን። ውጤቱ ከተባለው በታች የወረደ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ የሰው ጽሑፍ ገልብጦ የተገኘ ይባረራል፣ አማካሪ መምህር ወደ በኋላ ይመደባል። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ስለ ዶርሙ፣ ስለ ምግብ ቤቱ ተነገረን። ግማሹ በእንግሊዝኛ ነበር። መጨረሻ ላይ ወረቀታቸውን አጥፈው ፈገግ አሉና በአማርኛ፣ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የሚከታተላችሁ የለም» አሉ። «የድኅረ ምረቃ ተማሪ ማለት ራሱን የቻለ ሰው ማለት ነው። ቀረህ፣ አረፈድክ፣ የት ነበርክ የሚላችሁ አትጠብቁ።» አዳራሹ በደስታ ሳቀ። ከአለቃና ከግምገማ አምልጦ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ቢስቅ አይፈረድበትም። አባቴ ወደ ጋሼ ዞር ሲል አየሁት።

ጥያቄ ያለው ተባለ። አንዱ ስለ ኪስ ገንዘብ ጠየቀ፣ ሌላው ባለትዳሮች ዶርም ያገኙ እንደሆነ ጠየቀ። ከዚያ አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። አስተባባሪው የምርቃት ጊዜ የደረሰ መስሎት ማይክራፎኑን በሁለት እጁ አቀበለው።

«አስተማሪው፣ አላህ ያክብርዎት» ብሎ ጀመረ። «እኔ የእህል ነጋዴ ነኝ። ልጄ እዚህ እንድትማር ተፈቅዶላታል፤ ደስ ብሎኛል። ይዣት መጥቻለሁ። የሚረከባት ማን ነው?»

ዲኑ ግራ ገባቸው። «ምዝገባውን ከሆነ አባቴ፣ ሬጅስትራር ቢሮ…»

«ምዝገባ አይደለም። ሰው ነው የምጠይቀው። ብትታመም የሚያውቅ፣ ብትጠፋ የሚፈልግ፣ ለእኔ የሚደውል።»

ሳቁ ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ሄደ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ያልጠበቁትን ሲሰሙ ሰዎች እንደሚስቁት ነው። ያም ሆኖ ደሜ ፈላ። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ «ምን ያስቅሃል?» ብዬው ደነገጠ።

«አባቴ፣ ይገባኛል» አሉ ዲኑ። «ግን እዚህ ያሉት ሁሉ አዋቂዎች ናቸው። ሐኪሞች አሉ፣ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች አሉ። እኛ ወላጅ አንጠራም። እያንዳንዱ ለራሱ ኃላፊ ነው።»

«ብትታመምስ?»

«ክሊኒክ አለን።»

«ክሊኒኩ የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃል?»

«መታወቂያ ይኖራታል» አሉ ዲኑ።

አባቴ «እሺ፣ አላህ ይስጥልኝ» አለና ማይክራፎኑን መልሶ ተቀመጠ። ጋሼ ሊያጠናክሩ ብድግ ብለው ነበር፤ በእጁ ያዛቸው። ዲኑን አልፈርድባቸውም። በትህትና ነው የመለሱት፤ ቤታቸው ያለውን ሁሉ ነው የዘረዘሩለት። አባቴ የጠየቀው ነገር ግን በዚያ ቤት አልነበረም።

ስንወጣ ተማሪው ለሻይ ተሰለፈ። እኛ ደጁ ላይ ካለ ጥድ ሥር ቆምን።

«የሚረከብ የለም» አለ አባቴ። «ጠየቅኩ፤ ሰማሽ አይደል? በሉ እንሂድ።»

«ቆይ እንጂ» አሉ ጋሼ። «ቢሮአቸው ገብተን ለብቻ እናናግራቸው። ሰው ፊት ስለሆነባቸው ነው።»

«ሰው ፊት ያልተባለ አደራ ምን ያደርግልኛል?»

እኔ መቻል አቃተኝ። «አባዬ፣ እኔ ሕፃን አይደለሁም!» አልኩ። ድምፄ አስቀየመኝ፤ የሕፃን ድምፅ ነበር የወጣኝ።

«እሱም አልነበረም» አለ አባቴ።

እንባዬ መጣና ፊቴን ወደ ጥዱ አዞርኩ። ትምህርቱን ብይዝ ይህን ሰውዬ መጋዘኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ በየስልኩ ጥሪ ሲደነግጥ ትቼው መሄዴ ነው። እሱን ብይዝ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ሰባተኛ ክሊኒክ ውስጥ መርፌ ስወጋ መኖሬ ነው፤ እንዲህ ሆኜ ብቀር እንደማልምረውም አውቃለሁ። ወንድሜንም በልቤ ተቆጣሁት። ምናለ ለአንድ ሰው ስልካችንን ሰጥተህ ብትሞት አልኩት።

እንደዚያ ቆመን ሳለ አንዲት ሴት ከሰልፉ ወጥታ ወደ እኛ መጣች። ረጅም፣ ጠይም፣ ሻርፕ የተከናነበች፣ ከእኔ ትንሽ የምትበልጥ ናት። የወሎ ዘዬዋ አፏን ስትከፍት ያስታውቃል።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ሲስቁ እኔም ስቄ ነበር። ከዚያ ደነገጥኩ። እኔንም እኮ የተረከበኝ የለም። ብሞት ለአባቴ የሚነግረው ማን ነው ብዬ አሰብኩ፤ አንድም ሰው አጣሁ።»

አባቴ ትክ ብሎ አያት። የገጠር ጤና ጣቢያ ነርስ እንደሆነች፣ አዲስ አበባ ስትመጣ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ነገረችን።

«የት አደርሽ?» አላት።

«አውቶቡስ ተራ አጠገብ፣ አልቤርጎ ይዤ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ለሁለቱም፣ ብቻዋን የመጣች ሴት አውቶቡስ ተራ አልቤርጎ ማደሯ ከወባ የሚተናነስ ነገር አልነበረም።

«ቁርስ በልተሻል?»

«ኧረ አልበላሁም።»

«ነይ፣ ተከተይን» አለ አባቴ።

እንግዲህ ጉድ በሉ። እኔን ይዞ ሊመለስ የተነሳው ሰው ሌላ ሰው ጨምሮ ተመለሰ። መንገድ ላይ ሻንጣዋን ከአልቤርጎው አወጣን፤ ጋሼ የአልቤርጎውን ዘበኛ ያለ ጥፋቱ ተቆጡት። መጋዘኑ ደርሰን ፉል በዳቦ መጣልን። ሴትየዋ አንገቷን ደፍታ፣ እየተሳቀቀች በላች። ስትጨርስ አባቴ፣ ዶርም እስክትገባ እኛ ቤት እንድታርፍ ነገራት።

«አላስቸግርም አባባ» አለች።

«ችግር የለም። ግን እንዲሁ አልወስድሽም» አላት። «ሰው ከመንገድ ላይ አይነሳም። ያስረከበኝ ሊኖር ይገባል። አባትሽ ስልክ አላቸው?»

አባቷ ገበሬ ናቸው፤ ስልክ የላቸውም። ግን የገበያ ቀን ነው፣ ከተማ ሳይወርዱ አይቀሩም። እዚያ አንድ የምታውቀው ባለሱቅ ስልክ አለው። በአባቴ ስልክ ደወለችለት። ባለሱቁ «ቅድም ጨው ሲገዛ አይቼዋለሁ፣ ቆዩኝ ላስፈልገው» ብሎ ዘጋ።

ጠበቅን። ከጎጃም የመጣ መኪና እያራገፈ ነበር፤ የጤፍ ብናኝ በበሩ ብርሃን ውስጥ ይጨሳል። ተሸካሚዎቹ ጆንያ እያወረዱ በገቡ ቁጥር እንግዳይቱን ገልመጥ እያደረጉ ያልፋሉ። አባቴ ኮቱን አላወለቀም። ደንበኛ መጥቶ ስለ ሰርገኛ ጤፍ ዋጋ ሲጠይቀው «ቆይ፣ ጉዳይ ላይ ነኝ» አለው፤ ይህን ለደንበኛ ሲል ከዚያ ቀን በፊት ሰምቼው አላውቅም። እኔ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ምን እንደምጠብቅ ሳላውቅ እጠብቃለሁ።

ስልኩ ጮኸ። አባቴ ጆሮው ስለደከመ ሁልጊዜ የስልኩን ድምፅ ወደ ውጭ ለቆ ነው የሚያወራው፤ እህል በረንዳ ሁሉ ሚስጥሩን ያውቅለታል።

«ሃሎ! ሃሎ! ማነው?» አለ ሩቅ ያለው ሰውዬ። ሮጦ የመጣ ሰው ትንፋሽ ነው። «ልጄ ምን ሆናለች? ንገሩኝ!»

የአባቴ ፊት ተለዋወጠ። እንዲህ ያለውን የአባት ድንጋጤ ከራሱ ያውቀዋል። «ምንም አልሆነችም!» ብሎ ጮኸ። «ደህና ናት! ይኸው አጠገቤ ናት፣ ወንድሜ፣ ደህና ናት!» ስልኩን አስጠጋላት። «አባዬ፣ ደህና ነኝ» አለች። ሰውየው «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ሲል ተሰማ፤ ከኋላው የገበያ ሁካታና የአህያ ድምፅ ይመጣል።

ሰውየው እስኪረጋጋ አባቴ ጠበቀ። ከዚያ የራሱን ስም ከነአባቱ፣ አገሩን ከነመንደሩ ተናገረ። መርካቶ እህል በረንዳ መጋዘን እንዳለው፣ ልጅቷን ዛሬ ዩኒቨርሲቲ እንዳገኛት ነገረው። «ልጅዎን ልረከብዎ እፈልጋለሁ» አለ። «ካመኑኝ ያስረክቡኝ።»

«እኔም ጎረቤቱ ነኝ!» ብለው ጮኹ ጋሼ ከጎን። «ዋሱ ነኝ!»

ሰውየው «እኔ እኮ አውቶቡስ ላይ አሳፍሬያት ስመለስ ለአላህ ነው የሰጠኋት» አለ። «ሌላ ሰው አልነበረኝም።» ከዚያ ድምፁን አስተካከለና የልጁን ስም ከነአባቷ፣ ከነአገሯ ጠራ። «አደራ» አለ። አባቴ ቀኝ እጇን ያዘ። «ተረክቤያለሁ» አለ።

«አላህ ልጆችዎን ያቆይልዎት። እርስዎስ ልጅ አለዎት ጌታው?»

«አንዲት አለችኝ። አብራት ልትማር ነበር። እኔ የሚረከባት አጣሁ።»

«ምን ይላሉ! ልጄ እያለች?» አለ ሰውየው፣ የተቆጣ ይመስል። «እኔ እዚህ ሆኜ ተረከብኳት። ልጅዎ ልጄ ናት። ክፉ አይንካቸውና አንዷ ብትታመም ሌላዋ ትጣራለች። ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ከጆንያው ተነሳሁ። ስሜን ጠራ፣ የራሱን ስም አስከተለ፣ አንድ ቀን ብቻ ያየሁትን የአያቶቼን መንደር ጠራ። እጄን ይዞ የወሎዋን ልጅ እጅ ላይ አስቀመጠው። እጇ ሞቃትና ሻካራ ነበር። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ «አደራ» አለ። አዋቂ ነኝ ስል የዋልኩት ሴት ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ትምህርት ቤት መግባቴ ብቻ አልነበረም ያስለቀሰኝ፤ አባቴ ቀኑን ሙሉ ምን ሲፈልግ እንደዋለ እጄ ላይ የተሰማኝ ያኔ ነው።

ስልኩ እዚያ ላይ ቢዘጋ ይበቃኝ ነበር። ገበሬው ግን ለጨዋታ ያህል፣ እንደ ማንም ደግ ሰው፣ «ወንድ ልጅስ የለዎትም?» ብሎ ጠየቀ። ሰዎች ይህን ሲጠይቁት አባቴ «አላህ የሰጠው ይበቃል» ይልና ወሬውን ወደ ጤፍ ዋጋ ይወስደዋል። አሁንም ይህንኑ ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«ነበረኝ» አለ አባቴ። «ትምህርት ቤት ላክሁት። ሰው እጅ ሳላስይዘው ላክሁት። ብቻውን ታሞ ሞተ። ሰምቼ ስደርስ ሰዎች ቀብረውታል።»

ሩቅ ያለው ሰውዬ ኢናሊላሂ አለ። የገበያው ሁካታ ቀነሰ፤ ራቅ ወዳለ ቦታ የሄደ ይመስላል። «አብሽሩ ወንድሜ» አለ። «ስሙን ይንገሩኝ። ዱዓ ስናደርግ በስሙ እናነሳዋለን።»

አባቴ ከሐዘኑ ወዲህ ያን ስም ከአፉ አውጥቶ አያውቅም። እናቴም እኔም እሱ ባለበት አንጠራውም፤ ለምደነዋል። ጋሼ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከበር ጆንያ ተሸክሞ የገባው ሰውዬ የሆነ ነገር ገብቶት ከነሸክሙ ቆመ። አባቴ ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ቀጥ ብሎ ቆመ። የወንድሜን ስም ጠራ። ከነአባቱ፣ ከነአገሩ፣ ከነመንደሩ ጠራው፣ ረጋ ብሎ፣ አንድም ሳያስቀር። ቀኝ እጁ ወደ ፊት ተዘርግቷል።

«አደራ» አለ።

ሰውየው ሲያለቅስ ይሰማናል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «ተረክቤያለሁ» አለ።